በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ካለህ ሊድ ጊታር እንዴት ትለማመዳለህ? አራት አይነት ፕሮግራም ሳነጻጽር

የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለልኝና "ወንድም ጋሼ፣ ሪትሙን ይዣለሁ፣ ኮርድ መቀያየር አያቅተኝም፣ አሁን ሊድ (ዜማና ሶሎ መጫወቱን) ልጀምር ብዬ ዩቲዩብ ስከፍት አንዱ ስኬል (የኖቶች መሰላል) ብቻ ስራ ይላል፣ አንዱ ስኬሉን እርሳው ሶሎ ቅዳ ይላል፣ ሌላው የሶስት ሰዓት ፕሮግራም ያወጣልኛል፣ እኔ ከስራ ስገባ ያለችኝ አንድ ሰዓት ናት፣ እሷም መብራት ካለ ነው፣ የቱን ልያዝ?" አለኝ። አስር ደቂቃ ለፍልፌ ስልኩን ስዘጋው ግማሹንም እንዳልነገርኩት ገባኝ። ስለዚህ ተረጋግቼ ልጻፈው፣ ለሌላውም ይሆናል። አንተ አንተ እያልኩ የምጽፈው እሱን እያሰብኩ ስለሆነ ነው እንጂ ሴቶቹን ረስቼ አይደለም፣ እዚህ ደሴ ከኔ አስር እጥፍ የምትጫወት ልጅ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ልናገር፣ ምክንያቱም የምመርጥበት መስፈርት ሁሉ የመጣው ከዛ ነው።

ስጀምር ወደ ስምንት ወር አካባቢ የሰራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ፍጥነት። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም ከፍቼ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው ባለ አምስት ኖት ስኬል ላይ መውጣት መውረድ፣ መውጣት መውረድ። ጣቴ እውነትም ፈጠነ፣ ጓደኞቼ ቤት ሲመጡ "ማሻአላህ" ይሉኝ ነበር። ከዛ አንድ ሰርግ ላይ የሚጫወት ልጅ ታሞ እኔ ተተካሁ። ዘፋኟ ማይክ ይዛ አምባሰል ጀመረች፣ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱን፣ ከኢ ኖት ነበር የያዘችው። እኔ ኢ የሚለውን ብቻ ሰማሁና የለመድኳትን የኢ ማይነር ፔንታቶኒክ በሙሉ ፍጥነት ለቀቅኳት። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ሰውዬ በፈገግታ እጁን ዘርግቶ የአምፔን (የጊታሬን ድምጽ ማጉያ) ቮልዩም ዜሮ አደረገው። ዜሮ። ሰርጉ እስኪያልቅ ቆሜ ክር የምነካ አስመሰልኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ኖቶቹን ቆጠርኩ። የኢ አምባሰል ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። እኔ የተጫወትኩት ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ ነው። ሶስቱ ይገጥማሉ፣ ጂ እና ዲ ግን እዛ ቤት የሉም፣ አምባሰልን አምባሰል የሚያደርጉት ኤፍ እና ሲ ደግሞ እኔ ጋ አልነበሩም። ማለትም ስምንት ወር ሙሉ ጣቴን አሰለጠንኩ እንጂ ጆሮዬን አንድ ቀን አላሰለጠንኩትም፣ ያውም የወሎ ልጅ ሆኜ! ባቲ ሄጄ ሰኞ ገበያ ግመል አይቻለሁ፣ የአምባሰልን አገር በመኪና ስንቴ አልፌዋለሁ፣ ቅኝቱን ግን በጊታር መያዝ አልቻልኩም።

እንግዲህ ፕሮግራሞቹን የማነጻጽረው በዚህ አይን ነው። እኛ ጋ ሊድ ማለት ሶሎ ሲመጣ መሮጥ ብቻ አይደለም፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ መመለስ፣ ዜማውን መሸከም፣ ዝም ማለት ያለበት ቦታ ዝም ማለት ነው። ፕሮግራምህ ይሄን ካላስተማረህ ደቂቃው የቱንም ያህል ቢበዛ ጎዶሎ ነው።

የመጀመሪያው አይነት፣ የጣት ስፖርት የምለው

የኔው ነው፣ አውቀዋለሁ። ሰዓቱን በሙሉ ለቴክኒክ ትሰጣለህ፣ ክሮማቲክ (ፍሬት ሳይዘሉ አንድ በአንድ መሄድ)፣ ስኬል፣ በፒክ (ክር መምቻዋ) ወደታች ወደላይ፣ ሃመር ኦን (ሳይመቱ ጣት ጥሎ ማሰማት)፣ ፑል ኦፍ (ጣት ስቦ በማንሳት ማሰማት)። ጥቅሙ ለውጡ በቁጥር ይታያል፣ ዛሬ በደቂቃ በ60 ቢት የሰራኸውን ከወር በኋላ በ90 ትሰራዋለህ፣ ደስ ይላል፣ ሱስ ያስይዛል። ጉዳቱን ነግሬሃለሁ። ግን ሙሉ በሙሉ አትጣለው፣ በተለይ ግራና ቀኝ እጅህ አብረው የማይነሱ ከሆነ፣ ማለትም ፒኩ ክሩን ሲመታ ጣትህ ገና ፍሬቱ (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ካልደረሰ፣ ለሁለት ሶስት ሳምንት ይሄ ላይ መክረም ያዋጣል። ቀስ ብለህ ጀምር፣ አራት ጊዜ ደጋግመህ ሳትሳሳት ከተጫወትክ ብቻ አምስት ቢት ጨምር። በስህተት እየፈጠንክ ከሄድክ የምትለማመደው ስህተቱን ነው፣ ጣት ደግሞ ስህተትም ይሁን ልክ ያስለመድከውን ነው የሚይዘው።

እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ። ሜትሮኖሙን ሁሉም የሚከፍተው ለአራት አራት ምት ነው። የኛ ዘፈን ግማሹ ችክችካ ነው፣ ስድስት ስምንተኛ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቲክ ላይ ሁለት ወይ አራት ኖት ብቻ ሳይሆን ሶስት ሶስት ኖት መጫወት ልመድ። ሶስት ሶስት ስትጫወት የመጀመሪያው ኖት አንዴ በፒክ ወደታች አንዴ ወደላይ ይወድቅብሃል፣ ለዚህ ነው አራት አራት የለመደ ሰው ችክችካ ላይ የሚሰናከለው። ክሩን መምታት ሳይሆን ምቱን የት ጋ እንደሚያከብድ ነው የሚጠፋው።

ሁለተኛው፣ ሶሎ መቅዳት ብቻ

ስኬል ምናምን የለም፣ አንድ ዘፈን ትመርጣለህ፣ ሶሎውን ወይም የጊታሩን መልስ አንድ በአንድ በጆሮህ ታወጣለህ፣ ያልቃል ሌላ ትይዛለህ። የድሮዎቹ ተጫዋቾች አብዛኛዎቹ እንደዚህ ነው የተማሩት፣ ካሴት ወደኋላ እየመለሱ። እኔ ከሁሉም ይሄን እወደዋለሁ፣ አድልዎ እንዳለብኝ ከወዲሁ እወቀው። ሙዚቃዊ ነው፣ አይሰለችም፣ የት መዝለል የት ማረፍ እንዳለብህ ያስተምርሃል። የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ስዩምን ስማው፣ በዛ ዘመን ካሴቶች ላይ ጊታሩ ከዘፋኙ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ ብዙ ኖት እንኳን የለውም። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስታወጣ ደግሞ ጊታር ባይኖርበትም ድምጿን በጊታር ለመቅዳት ሞክር፣ አንድ መስመር ብቻ ትበቃሃለች፣ አንድ ሳምንት ትፈጅብሃለች።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ ከአቅምህ በላይ የሆነ ትመርጥና አራተኛው ሴኮንድ ላይ ተጣብቀህ ወር ትቀመጣለህ፣ ከዛ ጊታሩን ቁም ሳጥን ላይ ትሰቅለዋለህ። ሁለተኛ፣ ሶሎውን ትይዘዋለህ ግን ቁልፉ ሲቀየር ወይም ዘፋኙ አንድ ድምጽ ዝቅ አድርጉልኝ ሲል ትጠፋለህ፣ ምክንያቱም የያዝከው የፍሬት ቁጥር እንጂ ቅኝቱን አይደለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ አንድ ሐረግ ቀድተህ እንደጨረስክ ሁለት ፍሬት ወደላይ ወስደህ ተጫወታት፣ ከዛ መጨረሻዋን ብቻ ቀይራት። ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን 0.75 ወይም 0.5 ስታደርገው ቁልፉ አይለወጥም፣ ስለዚህ አታፍርበት ቀንሰው። የድሮ ካሴት የተገለበጠ ከሆነ ግን የካሴቱ ፍጥነት ልክ ስላልነበረ ጊታርህ በትክክል ተቃኝቶም ላይገጥም ይችላል፣ ያኔ ጆሮህን አትጠራጠር፣ ጊታሩን ከዘፈኑ ጋር ቃኘው።

ሶስተኛው፣ ለየቀኑ አንድ ርዕስ

ሰኞ ቴክኒክ፣ ማክሰኞ ቅኝት፣ ረቡዕ ቤንድ (ክር ገፍቶ ድምጹን ማውጣት) እና ቫይብራቶ (ድምጹን ማወዛወዝ) እያልክ ሳምንቱን ትከፋፍላለህ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል፣ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር። እውነቱን ለመናገር ለስራ ሰው አይሆንም። ረቡዕ መብራት ጠፋ እንበል፣ ወይም ለቅሶ መጣ፣ እስከሚቀጥለው ረቡዕ ቤንድ ከነካህ ሁለት ሳምንት ሞላህ ማለት ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ጣቱ ይረሳል። በቀን ሁለት ሶስት ሰዓት ላለው ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል። እሁድን ጠብቆ አራት ሰዓት ባንዴ መለማመድም የዚሁ ዘመድ ነው፣ በየቀኑ ሀያ ደቂቃ የሰራ ሰው ይበልጥሃል፣ በዚህ አልከራከርም። እሁድ ማታ የእጅ አንጓህን እያሸህ ስትተኛ ነው የምታገኘው። በነገራችን ላይ የጣት ጫፍ ህመም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ነው ያልፋል፣ የአንጓና የክንድ ህመም ግን ሌላ ነው፣ ያን ሲሰማህ አቁም።

አራተኛው፣ ሰዓቷን መቆራረስ

ለአክስቴ ልጅ የመረጥኩለት ይሄን ነው፣ ግን እኩል እኩል አይደለም የምቆርሰው። ዩቲዩብ ላይ ያሉት አስራ አምስት አስራ አምስት ደቂቃ ለአራት ይከፍሉታል፣ እኔ ጋ ግማሹ የጆሮ ነው።

አምስት ደቂቃ እጅ ማሟሟቂያ። ደሴ ላይ በጥቅምት ማለዳ ወይም ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ የሚለማመድ ሰው አምስቱን አስር ያድርገው፣ ጣት በድኖ ቤንድ መሞከር ክርም ጅማትም መበጠስ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ትሞቃለች፣ አብሽር።

ከዛ አስራ አምስት ደቂቃ ቴክኒክ፣ ግን በሳምንት አንድ ነገር ብቻ። ይሄ ሳምንት ቤንድ ከሆነ ቤንድ። ቤንድ ሲባል ክሩን መግፋት ብቻ እንዳይመስልህ፣ የምትገፋበት አድራሻ አለው። ክሩን ከቀጭኑ ጀምረህ ቁጠር፣ ሶስተኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ ዲ አለች፣ ወደ ኢ ልትገፋት ነው፣ መጀመሪያ ሁለተኛውን ክር 5ኛ ፍሬት ምታና ኢ ምን እንደሚመስል ስማ፣ ከዛ ገፍተህ አስተያየው። ሳይደርስ ከቀረ የአህያ ድምጽ ነው፣ ካለፈም ያው። አስር ጊዜ ገፍተህ ስምንቱ ልክ ከመጣ ሳምንቱ አልቋል።

ሰላሳ ደቂቃ ቅኝትና መቅዳት አንድ ላይ። መለየት የለባቸውም፣ ትንሽ ዝቅ ብዬ እገባበታለሁ። የቀረችው አስር ደቂቃ የፈለግከውን መጫወት፣ ግን ስልክህ እየቀዳ። የቀዳኸውን በማግስቱ ስማው እንጂ ያኔውኑ አይደለም፣ ያኔውኑ ሁሉም ሰው ለራሱ ጎበዝ ነው።

ቅኝቱን በየትኛው ቅደም ተከተል?

ይሄ ራሱን የቻለ ምርጫ ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። አራቱን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን፣ ባንድ ጊዜ ልያዝ ይልና ሁሉም ይደባለቁበታል።

እኔ የማስጀምረው ከባቲ ማይነር ነው። ለምን? ውጭዎቹ ቪዲዮዎች ላይ ማይነር ፔንታቶኒክ እያሉ የሚያስተምሩት ያው የኛው ባቲ ማይነር ነው፣ አምስቱ ኖት አንድ ነው፣ ስለዚህ በነጻ የተዘጋጀ ትምህርት እንደጉድ አለ። ከኤ ያዘው፣ 5ኛው ፍሬት ላይ ያለችዋን ቦክስ፣ ማለትም የጣት ቅርጽ። ስድስተኛው ክር 5 እና 8፣ ቀጥሎ ያሉት ሶስቱ ክሮች 5 እና 7፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀጫጭኖች 5 እና 8። አለቀ።

ከዛ ተዓምሯ ትመጣለች። ያቺን ቦክስ አንድ ፍሬት ሳትነካ ማረፊያህን ብቻ ከኤ ወደ ሲ ስታዛውረው ትዝታ ሜጀር ሆነች። የሲ ትዝታ እና የኤ ባቲ ማይነር የሚጠቀሙት እነዛኑ አምስት ኖቶች ነው። ሲ ደግሞ ስድስተኛው ክር 8ኛ፣ ሶስተኛው ክር 5ኛ፣ ቀጭኑ ክር 8ኛ ላይ ናት። ሐረግህን እዛ ላይ አሳርፋት፣ ቤቱ ሌላ ይሆናል። ይሄን የሰማሁ ቀን ያንን ስምንት ወር አሰብኩትና ለማልቀስ ትንሽ ቀረኝ፣ ኖቶቹ ሁሉ እጄ ላይ ነበሩ፣ የት ማረፍ እንዳለብኝ ነበር የማላውቀው።

ሶስተኛ አምባሰል። ቦክስ አትፈልግለት፣ ባንድ ክር ጀምረው። ቀጭኑን ክር ክፍቱን ምታ፣ ከዛ 1፣ 5፣ 7፣ 8፣ 12። የኢ አምባሰል ማለት ይሄው ነው፣ እኔን ያዋረደኝ። ባንድ ክር ማድረጉ ጥቅም አለው፣ ማሲንቆ ክሩ አንድ ነው፣ አዝማሪው ወዲያ ወዲህ የሚለው በዛችው ላይ ነው፣ አንተም ከ8 ወደ 7፣ ከ1 ወደ ክፍቱ በስላይድና በፑል ኦፍ ስትወርድ ያ የወሎ ለዛ ጠጋ ማለት ይጀምራል። ዘጠኝ ሺህ ኖት አያስፈልግም። እዚህም ያቺው ተዓምር አለች፣ እነዚህኑ ኖቶች ይዘህ ማረፊያህን ኤ ላይ ካደረግከው ትዝታ ማይነር ነው። በሁለት የጣት ቅርጽ አራት ቤት አገኘህ ማለት ነው።

አንቺሆዬን ለመጨረሻ ተወው። ከኢ ሲያዝ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ ነው፣ ለጣትም ለጆሮም ይከብዳል፣ የክራሩ ድምጽም ከጊታር ፍሬት ጋር ሁሌ ልክ በልክ አይገጥምም። ግማሽ ዓመት ይጠብቅህ፣ የትም አይሄድ።

አሁን ለምን ቅኝትና መቅዳት አይለያዩም እንዳልኩህ። የሳምንቱን ቅኝት አስር ደቂቃ ባንድ ክር ትወጣለህ ትወርዳለህ፣ ከዛ በዛው ቅኝት የተዘፈነ አንድ ዘፈን ትከፍትና አንዲት ሐረግ ትቀዳለህ፣ ከዛ ዘፋኙ በዘፈነ ቁጥር ዝም፣ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ያቺን ሐረግ ትመልሳለህ። ለመጀመሪያ ቀን መልስህ ሁለት ኖት ብትሆን ይበቃል። መንዙማ የሚሰማ ሰው ይሄ አይከብደውም፣ መሪው ይላል ተቀባዩ ይመልሳል፣ ያንኑ በክር ማድረግ ነው።

መብራት ሲኖርና ሳይኖር

በቦክስ ጊታር (መብራት በማይፈልገው) የምትለማመድ ከሆነ ይሄን እለፈው፣ አንተን የሚመለከትህ ክሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንድ ላይ ብዙ አለመታገል ብቻ ነው፣ በስላይድ ተካው። ኤሌክትሪክ ላለው ግን ፕሮግራሙን በመብራት መከፋፈል በደቂቃ ከመከፋፈል ይበልጣል ባይ ነኝ። አምፕ ላይ ሳይሰካ የሚጫወት ሰው የማይነካቸው ክሮች ሲንጫጩ አይሰማውም፣ ዲስቶርሽን (ድምጹን የሚያሻክረውን) ሲጨምር ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለዚህ መብራት ሲኖር ሌላውን ትተህ ክር ማፈን፣ ቤንድ፣ ቫይብራቶ። ሲጠፋ ቅኝት፣ ሶስት ሶስት ምት፣ በስልክ ባትሪ መቅዳት፣ ዘፈኑን አስቀድመህ ዳውንሎድ ካደረግከው። ረመዳን ላይ የሚጾም ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ከተራዊህ ተመልሶ ሀያ ደቂቃ ከሰራ በቂው ነው፣ ሰሁር ላይ ግን አምፑን እንዳትከፍት፣ ጎረቤት አለ።

አስተማሪ ወይስ ዩቲዩብ የሚለው ብዙ አያከራክረኝም። አስተማሪ ካገኘህ በወር ሁለት ቀን ይበቃሃል፣ የእጅህን አያያዝ እንዲያይልህ፣ ቪዲዮ አያይህማ። ገንዘቡ ከሌለ እሁድ እሁድ ካንተ ከሚበልጥ ልጅ ጋር ተቀመጥ፣ አንዳችሁ ኮርድ ይዛችሁ አንዳችሁ ሊድ፣ ቡና ባለበት።

እና ማን የቱን ይያዝ? እጅህ ገና የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የመጀመሪያውን ለሶስት ሳምንት፣ ከዛ ውጣ። ጣትህ ፈጥኖ ሰው ፊት የሚጠፋብህ ከሆነ፣ ማለትም እኔን ከሆንክ፣ ለሁለት ወር ቴክኒኩን ጨርሶ ተወውና ሁለተኛውን ያዝ። ተማሪ ሆነህ ክረምቱን ሙሉ ቤት ከሆንክ ሶስተኛው ያስኬድሃል። ሰራተኛ ከሆንክ አራተኛው፣ የቀነሰ ቀን ደግሞ ሰዓቷ ሀያ ደቂቃ ብትሆን ማሟሟቂያውንና ቴክኒኩን ቁረጥ እንጂ የጆሮዋን አትንካ።

የአክስቴ ልጅ አራተኛውን ጀምሯል። ትናንት የአስር ደቂቃ ቅጂውን ላከልኝ፣ ባቲ ማይነር እሰራለሁ ብሎ ሁሉም ሐረጉ ሲ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሳያውቀው ትዝታ እየተጫወተ ነው። አልነገርኩትም፣ ሐሙስ ራሱ ሲሰማው ይደውላል።